ማንም ያልሞተበት ድንኳን

ማርቲዬ! አንቺ ነሽ እንዴ? ኧረ ነይ ሳሚኝ! እጄን ተይው፣ ድንች ሳራግፍ ቆይቼ አፈር ነው፤ ጉንጬን ሳሚኝ። እሰይ! ወፍረሽ የለም እንዴ! ሱሉልታ ተስማምቶሻል። ብርዱ ነው አይደል የሚያስበላው? እኔ አንዴ ለሠርግ ሄጄ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ እልልታው አልወጣ ብሎኝ ነው የተመለስኩት። ባልሽ ደህና ነው? ቤቱስ? ጣራ ብቻ ቀረው? ጣራ ከደረሰማ ግቡበት፣ የቀረው እያደር ይሞላል።

ቁጭ በይ፣ ይቺ ሣጥን ትችልሻለች። ያቺን ሳይሆን ይቺን፤ ያቺ የቲማቲም ናት፣ ቀሚስሽን ታበላሽብሻለች። ጥላውን ወዳንቺ ላዙርልሽ... እንዲህ።

ሰበታማ እንደተውሻት ናት። አቧራዋም፣ ባጃጇም፣ ሰላምታዋም ያው ነው። አዲስ ነገር ቢኖር ያ ፊት ለፊቴ የምታይው ፎቅ ነው። ከታች ፋርማሲ፣ ከላይ ደግሞ... ደረጃውን አየሽው? እኔ እዚህ ጉልቴ ላይ ስቀመጥ ዓይኔ ሌላ የሚያርፍበት የለውም። ምን ላድርግ፣ ማን ወጣ ማን ወረደ ሳልፈልግ አያለሁ። የላዩን ክፍል ወሬ አልሰማሽም? እውነት? ሱሉልታ አልደረሰም? ለገጣፎ እንኳ ደርሷል እኮ! ሰፈራችን ውስጥ ወሬን እግር አብቅላ የምትሸኝ አንዲት ደግ ሴት አለችን... ስም አልጠራም። ሰው ማማት አልወድም፣ ታውቂኛለሽ። ስለ ደግነቷ ነው የማጫውትሽ።

ዱርሲቱን ታስታውሻታለሽ? ቅቤ ነጋዴዋን? አዎ፣ ያቺ ሳቋ ከመንገዱ ማዶ የሚሰማው። ከተጂ ቅቤና አይብ እያመጣች እዚህ የምትሸጠው። አንቺ ካገባሽ በኋላ ነው መሰለኝ፣ አንድ ቀን ከተጂ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ጎማው ወደ ሰማይ! እሷን ግን አንዲት ጭረት አልነካትም። ከቅቤው በቀር የፈሰሰ ነገር አልነበረም። እኛም እልል አልን፣ «ተረፍሽ፣ ተመስገን» አልናት፣ ወደየቤታችን ገባን። ሰው ገላው ከመኪና ወጥቶ ልቡ እዚያው ተገልብጦ እንደሚቀር ማን አስተማረንና?

ከዚያ ወዲህ የመኪና በር ድው ሲል ላብ ያጠምቃታል። ታክሲው ደረጃ ላይ አንድ እግሯን ታሳርፍና ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይልና ትመለሳለች። ቅቤው ቀረ። እሺ፣ ቅቤው ይቅር። እናቷ ግን ተጂ ናቸው። ጉልበታቸው ከድቷቸው ከደጃፋቸው አይርቁም። እሷ መኪና አትሳፈር፣ እሳቸው አይመጡ። በስልክ ብቻ «ነገ እመጣለሁ ሃርሜ፣ እናቴ» ትላቸዋለች። እሳቸውም በማግስቱ በር ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ተጂ እኮ ናት ማርቲዬ! ባሕር ማዶ አይደለም። ጠበሉንም ተጠመቀች፣ ደግ አደረገች። ቄሱ ራሳቸው «ጠበሉንም አትተይ፣ ልጄ፣ የሚያክምሽ ባለሙያም ፈልጊ» አሏት።

እንግዲህ ከዚያ ፎቅ ላይ ያለችው ያቺ ባለሙያ ናት። ኤልሳቤት ትባላለች። የሥነ ልቦና አማካሪ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ታውቂው ይሆናል። እኔ ግን ሐኪም ናት ሲሉኝ መርፌዋን ነው የፈለግኩት። መርፌ የላት፣ ኪኒን የላት፣ ነጭ ካፖርት እንኳ የላት! ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ካርቶን ሶፍት። በሩ ይዘጋል። አንቺ ታወሪያለሽ፣ እሷ ትሰማለች። ስታለቅሺ ሶፍቱን ታቀብልሻለች፣ «አይዞሽ አታልቅሺ» እንኳ አትልም አሉ። እንዲያውም ይወጣልሽ ትላለች። ይኸን ሁሉ የነገረችኝ ዱርሲቱ ራሷ ናት፣ እኔ ፈልፍዬ አልጠየቅኩም... ትንሽ ጠይቄ ይሆናል።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽና ሳቂ። እዚያ ክፍል የተነገረ ነገር ከዚያ አይወጣም! ለማንም! ለገዛ ባሏ እንኳ አትናገርም። ማርቲዬ፣ በሰበታ! እኔ ይኸን ስሰማ መጀመሪያ ያዘንኩት ለአማካሪዋ ነው። እንዴት ነው ይኸን ሁሉ ይዛ የምትተኛው? ያቺ ደግ ሴታችን ብትሆን እስከ ቀትር የምትቆይ ይመስልሻል?

ኧረ... ደህና ዋሉ፣ እትዬ! ይግቡ፣ ይግቡ ከፀሐዩ። ሽንኩርት ነው? ይምረጡ፣ ዛሬ ማለዳ የገባ ነው። ጥርስዎ ተሻለዎት? አይ፣ ጉንጭዎን ይዘው ሳይ ነው። ይችን አላወቋትም? ማርቲ ናት፣ ሱሉልታ ያገባችው። ከዚያ ነው የመጣችው፣ ወሬ ላቋድሳት ብዬ ነው። እርስዎ ይምረጡ፣ እኛ ስለ ሌላ ሰው ነው የምናወራው።

የት ደርሼ ነበር? አዎ፣ ደግነቷ። ማርቲዬ፣ ያቺ ሴት እኮ ሐዘን አያመልጣትም። እግዜር ዓይን ሰጥቷታል። ሰው ራሱን እንደታመመ ሳያውቅ እሷ ታውቅለታለች። እድሩ ላይ የእሷን ያህል የሚያለቅስ ማን አለ? ሟቹን አታውቀውም፣ ግን ከእናቱ አስበልጣ ታለቅሳለች። እናቱ ናት ተነሥታ እሷን የምታጽናናት። እንዲህ ያለ አንጀት አይተሽ ታውቂያለሽ? ነጠላዋም ሁልጊዜ ለለቅሶ የተዘጋጀ ነው፣ ሰው እስኪሞት አታጥፈውም።

እናልሽ፣ ዱርሲቱ ከዚያ ደረጃ በየሳምንቱ ረቡዕ ዓይኗ አብጦ፣ ፊቷን በሻሽ ሸፍና ስትወርድ ያቺ ሴት አየቻት። አየች። ሌላ ጊዜም አየች። ሌላ ሰው ቢሆን «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ ይጠይቃል አይደል? እሷ ግን አትጠይቅም፣ ጨዋ ናት! ደግሞስ እንዴት ትጠይቅ? «ሰው ሞቶብሽ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሟርት ነው። መርዶ እንዲህ በመንገድ አይነገር፣ አይጠየቅ። ማለዳ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ቀስ ተብሎ ነው። ስለዚህ ቤቷ ተቀምጣ አሰላች። አባትየው ቀድሞ ሞቷል። እናትየው ደህና ናቸው፣ ከተጂ የመጣ ሰው ሰላምታቸውን አምጥቷል። ባል የላት። ማን ቀረ? ወንድሟ ዲሪርሳ! ሐዋሳ ግንብ የሚሠራው። ከፋሲካ ወዲህ ብቅ አላለም። በቃ... ሞተ! ዱርሲቱ መርዶውን ብቻዋን ሰምታ፣ ለእናቷ ስትል ዋጥ አድርጋ ይዛዋለች። «ይቺ ልጅ ሐዘን በሆዷ ይዛ ልትሞትብን ነው፣ እርማችንን እናውጣላት!» ብላ እድሩን ቀሰቀሰች።

ይዩት እንግዲህ፣ እትዬ፣ ደግነት አይደለም ይኸ? ያ ለስላሳ ነው፣ ይተዉት፣ ከሥር ያለውን ይዩ።

ማለዳ ነው፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ። ድንኳኑ በሰው ትከሻ፣ ቋሚው በሰው ትከሻ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ኦቦ ነገሳ ከፊት በከዘራ። ኦቦ ነገሳን ታውቂያቸዋለሽ፣ የእድራችን ሽማግሌ፣ ዓይናቸው ደከም ያለው። እኔም ነበርኩ፣ ጥሪ ነዋ፣ እቀራለሁ? በሩ ጋ ስንደርስ ያቺ ደግ ሴት ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ «ወንድሜ ዲሪርሳ! ያ ዲሪርሳ ኮ!» ብላ ለቀቀችው። በአማርኛም በኦሮምኛም ነው ያለቀሰችው፣ ማንም ቅር እንዳይለው። እኛም ተከተልናት።

ዱርሲቱ በሌሊት ልብሷ ወጣች። የወንድሟን ስም በለቅሶ ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። ለምን መሰለሽ? ዲሪርሳ ከቤቷ ውስጥ ተኝቷል! በዋዜማው ከሐዋሳ ድንገት መጥቶ እሷው ቤት አድሯል። ያቺ ሴት የመጣ እንግዳ ሳታይ የቀረችው ያን ቀን ምሽት ብቻ ነው። ጥርሷን አሟት በጊዜ ተኝታለች። አየሽ መከራ? ዕድሜዋን ሙሉ መስኮት ስትጠብቅ ኖራ የፈለገችው ሰው ሲመጣ ጥርስ!

ዱርሲቱ ተኝቶ ሳለ ሞቶብኝ ነው ብላ ልትነካው ወደ ውስጥ ስትሮጥ፣ እሱ ደግሞ በጩኸቱ ደንግጦ ጋቢውን አንጠልጥሎ ሲወጣ በር ላይ ተላተሙ። ዲሪርሳ ግቢው ውስጥ ቆመ። ድንኳኑን አየ። እኛን አየ። «ማን ሞቶ ነው?» አለ።

ማርቲዬ፣ ምን ትመልሺለታለሽ? አንተ ነህ ትይዋለሽ?

ከፊት የነበርነው አይተነው ለቅሷችንን ቆረጥን። ከኋላ ያሉት አላዩትም፣ ያለቅሳሉ። ኦቦ ነገሳ ደግሞ ዓይናቸው አያይ፣ ጎርነን ያለ ድምፅ ሲሰሙ ዘመድ መጣ ብለው እጁን ያዙት፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጡት፣ «በርታ ልጄ፣ ወንድ ነህ፣ አንተ ከወደቅክ ማን ይቆማል?» አሉት። ልጁ እናቴ ሞታ ነው ብሎ መሬት ላይ ተደፋ። «ሃርሜ! ሃርሜ ኮ!» ሲል የኋለኞቹ «ይኸው እናትየውም ተጨመሩ!» ብለው ለቅሶውን ከፍ አደረጉት። ያ ለቅሶ እንዲህ ደመቀልሽ! እውነተኛ ሰው ቢሞት እንደዚያ አይደምቅም።

አትሳቂ! ቆይ፣ እኔም ሆዴን አሞኝ ነበር፣ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ነው የቆምኩት። እትዬ፣ እርስዎ አይስቁም? ጥርስዎን ነው፣ አውቄአለሁ፣ ይቅርታ።

በመጨረሻ ዱርሲቱ ናት ስልክ አውጥታ ተጂ የደወለችው። ድምፁን ከፍ አደረገችው። እናትየው አነሡ፣ «በዚህ ጠዋት ምን ሆናችኋል? ከደጅ ተቀምጬ ላሟን እያለቡልኝ ነው። ይኸ የምሰማው ለቅሶ የማን ነው? ጎረቤት ሰው ሞተባችሁ?» አሉ። ድንኳኑ ግማሹ ቆሟል፣ ግማሹ መሬት ላይ ነው። የሞተ የለም። እናት አሉ። ልጅ አለ። እህት አለች።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? ይቅርታ ብሎ ድንኳኑን ተሸክሞ ይሄዳል። ያቺ ሴት ግን ሥራዋን ጀምራ አትተውም። «ታዲያ አንቺ ልጅ፣ በየረቡዑ ምን እያስለቀሰሽ ነው?» አለቻት። በሰው ፊት። ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ። ኤልሳቤት ክፍሏን ዘግታ ቀስ እያለች የምትሰማውን፣ እሷ በአደባባይ በአንድ ጥያቄ ጨረሰችው! ሙያ ከዚህ በላይ አለ?

ዱርሲቱም ተናገረች። ምን ምርጫ አላት? መኪናውን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ተጂ መሄድ አለመቻሏን፣ እዚያ ፎቅ ላይ ሄዳ እንደምታወራና እንደምታለቅስ። የሌሊት ልብሷን በእጇ ጨብጣ። ያቺ ደግ ሴትም ጠጋ ብላ እቅፍ አደረገቻትና «ውይ ልጄን! እኔ ሞት መስሎኝ፣ ለካ ጭንቅላትሽ ነው!» አለች። እንዲህ ነው ማጽናናት። በእውነት እላለሁ፣ ከዚያ ሁሉ ለቅሶ ዱርሲቱን ያስለቀሳት ያ እቅፍ ነው።

ከዚያማ ምኑን ልንገርሽ። አሳቢነቱ ወረደ! ሰው ሁሉ ዱርሲቱን እንደ ሕፃን ቀስ ብሎ ማናገር ጀመረ። «ተኛሽ ወይ? በላሽ ወይ?» ልጆች በበሯ ሲያልፉ ተጠሩ። አንድ ሠርግ ላይ ከኛ ጋር ቁጭ ብላ ሽንኩርት ስትከትፍ ያቺ ደግ ሴት ቢላዋውን ከእጇ ውስጥ ቀስ ብላ ወሰደችው። «አምጪ እናቴ፣ ይደክምሻል።» እና ለእኛ በዓይኗ ጠቀሰችን። ዱርሲቱ ባዶ እጇን አይታ ተነሥታ ሄደች። እኔ ያን ቀን የከተፍኩት ሽንኩርት ነው ያስለቀሰኝ ብዬ ነው የተውኩት።

ከዚያ በኋላ ረቡዕ ሲመጣ ደረጃው ላይ አላየኋትም። በሚቀጥለውም አላየኋትም። ቤታችን ግንብ ለግንብ ነው፣ ተጂ ስትደውል ድምጿን እሰማ ነበር፣ «ነገ» ማለቱን ትታዋለች። «አልችልም ሃርሜ» ነው የምትለው። ያቺ ደግ ሴት እንዲህ አድርጋ ነው እንግዲህ ያዳነችልን። የቅቤ ነጋዴዋ ከሕክምናዋ ተረፈች!

ምን አሉ እትዬ? ምንም? እሺ፣ ይምረጡ።

ወደ ደረጃው ማን እንደመለሳት ታውቂያለሽ? አትገምቺም። ኦቦ ነገሳ! ከዘራቸውን ይዘው ቤቷ ሄዱ። ቡና አፍይልኝ አላሏት፣ ደጃፉ ላይ ቆመው «ያቺ የምትሰማዋ ልጅ ሽማግሌም ትቀበላለች ወይ?» አሏት። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። ሰው ሲያጽናኑ የኖሩ ሰው፣ ማን ያጽናናቸዋል? እሳቸውን ማን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ «በርታ» ይላል? ዱርሲቱ ሽማግሌ እምቢ ልትል ነው? ዓይናቸው ደረጃውን አያይም፣ እጃቸውን ይዛ አወጣቻቸው። እዚህ ቁጭ ብዬ አየኋቸው፣ አንድ አንድ ደረጃ፣ ቀስ እያሉ። እሳቸውን አድርሳ ልትመለስ ነበር አሉ፣ በሩ ሲከፈት ግን ኤልሳቤት «እንኳን መጣሽ» ብቻ አለቻት። የት ጠፋሽ የለ፣ ምን ሆንሽ የለ።

ኦቦ ነገሳ ደግሞ ሲወርዱ ከማንም አልደበቁ። እዚህ መሐል መንገድ ቆመው ዓይናቸውን በነጠላ እየጠረጉ «አልቅሼ ወጣሁ፣ ቀለለኝ!» ብለው ለባጃጅ ሹፌሩ ሁሉ ነገሩ። እንግዲህ ያቺ ደግ ሴት ተቸገረች። የእድሩን ሽማግሌ ጭንቅላቱ ነው ልትል? ቢላዋ ልትነጥቃቸው? ከዘራ ነው የያዙት!

ዱርሲቱማ ከዚያ ወዲህ ቀጠለች። የኤልሳቤት አሠራር ያስቀኛል። መጀመሪያ ታክሲ ተራው አጠገብ ቆሞ ማየት። ብቻ ማየት! ቀጥሎ የቆመ ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ መቀመጥ። ዳኜን ታውቂዋለሽ፣ የተጂ መስመር ሹፌር፣ ተራው እስኪደርስ መኪናውን ክፍት ይተውላታል። ገብታ ትቀመጣለች፣ ትንፋሿን ቀስ አድርጋ ትስባለች፣ ትወርዳለች። ይኸንንም ያቺ ዓይነ ጥሩ ሴት አይታ «ይኸው፣ መኪና ገብታ ሳትሄድ ትወርዳለች፣ ጨርቋን እስክትጥል ነው የምንጠብቀው?» አለች። አንድም ነገር አያመልጣትም ስልሽ! ከዚያ ኤልሳቤት አጠገቧ ተቀምጣ አንድ ፌርማታ ሄዱ። ከዚያ ሁለት። ዛሬ ደግሞ...

ቆይ። ቆይ ማርቲዬ፣ ወደ ደረጃው እይ። ይኸው ወረዱ። ያቺ ቢጫ ሻሽ ያሰረችው ዱርሲቱ ናት፣ ያቺኛዋ ኤልሳቤት። አየሽ፣ ኤልሳቤት ደረጃው ላይ ቀረች። አትከተላትም። ዛሬ ብቻዋን ናት። ሰፊ ሰፊ ትረግጣለች... ኧረ ቆመች። ለምን ቆመች? ዳኜ በሩን ይዞላት ቆሟል፣ እንዲያው «ግቢ ግቢ» አይልም፣ ዝም ብሎ ነው የያዘው። እጇን እያት፣ ቀሚሷን ጨብጣለች። አንድ እግሯ መኪናው ላይ ነው... ውይ ልቤ! አትነጋገሩ! ግቢ የኔ እናት፣ ግቢ... ገባች! ከመስኮቱ ጥግ ተቀመጠች። በሩ ተዘጋ። ድው ሲል ሰማሽ? ዓይኗን ጨፈነች... ከፈተች። ሄደ! ማርቲዬ ሄደ! ወደ ተጂ ሄደ! ዓይኔ እያየ!

እልልልልል! ልበል እንጂ፣ የሱሉልታ ብርድ የለ እዚህ! እናትየው ዛሬ ከደጅ ተቀምጠው ምን ይሉ ይሆን? ደግሞ አልነገረቻቸውም እኮ። «ከነገርኳቸው ይጠብቃሉ፣ ካልደረስኩ ይከፋቸዋል» ብላ። ድንገት ነው የምትደርስባቸው።

እትዬ፣ ወዴት ነው? ገና አልመዘንኩልዎትም! ይቀመጡ እንጂ፣ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ማርቲ ከሩቅ የመጣች ልጅ ናት፣ በግማሹ ትሂድ?

ያቺ ደግ ሴት፣ ማርቲዬ፣ ለሰው ስትደክም ለራሷ ጊዜ አጥታ የቀረች ናት። ልጆቿ እንኳ እንዳያደክሟት ብለው ነው መሰለኝ ከበዓል በዓል ነው የሚመጡት። መብራቷ እስኪነጋ አይጠፋም። ጎረቤት ነኝ፣ አያለሁ። ባለፈው ሰሞን ደግሞ፣ ገበያው ሊበተን ሲል፣ ያን ለለቅሶ የሚሆን ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ እዚያ ደረጃ ሥር ቆማ አየኋት። ማን ያውቀኛል ብላ። አንድ እግሯን አወጣች... ወደ ጉልቱ ዞር ብላ አየች፣ ወደ ባጃጁ ዞር ብላ አየች... መለሰችው። ልክ ዱርሲቱ ታክሲው ላይ እንደምታደርገው። አንጀቴን ነው የበላችኝ፣ ማርቲዬ። የሚያስፈራት ደረጃው ይመስልሻል? ደረጃው እኮ ለኦቦ ነገሳም አልከበደ።

እኔ ለማንም አልተናገርኩም። ለአንቺ ነው ዛሬ ገና የምናገረው፣ እትዬም የቤት ሰው ናቸው።

ስለዚህ ለእሷም እንመርቅላት፣ እንዲያው ደስታ ላይ እያለን። እግዜር ልብ ይስጣት፣ ደረጃውን አንድ ቀን እስከ ላይ ያውጣት። በሩ ይዘጋላት፣ ሁሉን ታውራው፣ እንባዋ ይውረድላት፣ ይቅለላት። ከዚያም ዓይኗ አብጦ ፊቷን ሸፍና ስትወርድ... እንደ ራሷ ያለች አሳቢ ጎረቤት ደረጃው ሥር ቆማ ትጠብቃት።

አሜን ይበሉ እንጂ፣ እትዬ!